ሰኔ 23 እና ሐምሌ 26፦ ግርዶሽንና አስትሮይድን ከፖለቲካ ዜና ጋር ስለማያያዝ

(በደሴ ከተማ በአንድ የእሑድ ከሰዓት የውይይት መርሐ ግብር ላይ የተደረገ ንግግር፤ ጥቂት ቃላት ከመቃናታቸው በቀር እንደተነገረው የቀረበ።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ እናንተም ከፊት የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ? አሰላሙ ዓለይኩም። የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችን ጋር ይሁን። ሁለቱንም ሰላምታ በአንድ ቤት ውስጥ እየሰማሁ ያደግሁ የወሎ ልጅ ነኝና አንዱን ትቼ አንዱን ማለት አይሆንልኝም።

አዘጋጆቹ እንድናገርበት የጠየቁኝ ጉዳይ በሁላችሁም ስልክ ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው። ግርዶሽ በታየ ቁጥር፣ አንድ አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር የሰማይ ድንጋይ፣ ወደ ምድር ቀረበ በተባለ ቁጥር፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ «ይህ የእገሌን መውደቅ ያመለክታል፤ ይህ ጦርነት ነው፤ ይህ የመንግሥት ለውጥ ነው» የሚል ትንታኔ ይጎርፋል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ፊዚክስ ያስተማርሁ መምህር ነኝ። በጡረታ ከወጣሁ በኋላ ተማሪዎቼ ደውለው የሚጠይቁኝ ስለ ኒውተን ሕጎች ሳይሆን ስለዚህ ነው። «ጋሼ፣ እውነት ነው ወይ?» ይሉኛል። ጥያቄው የፍርሃት ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ አቃልዬ አላልፈውም።

ነገሬን በሦስት ከፍዬ እናገራለሁ። በመጀመሪያ ስለ ግርዶሽ፣ ቀጥሎ ስለ አስትሮይዶች፣ በመጨረሻም የሰማይን ቁጥር ከአባቶቻችን እንዴት እንደተቀበልነው። የመጀመሪያው ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ከተማችን አንድ ነገር ልበል። ደሴ ስሟን ያገኘችው ከሰማይ ምልክት ነው ተብሎ ይነገራል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ ታየ፤ ንጉሡ በእይታው እጅግ ተደስተው በስፍራው ከተማ እንዲቆረቆር፣ ስሙም «ደስታዬ» ለማለት ደሴ እንዲባል አዘዙ ይላል ትውፊቱ። በዚያው ዓመት በመስከረም የታየው ታላቁ ጅራታም ኮከብ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር በዓይን የሚታይ ነበር። በአህጉራችን ደቡባዊ ጫፍ በኬፕ የከዋክብት መመልከቻ ውስጥ የነበረው ዴቪድ ጊል ይህንኑ ኮከብ ፎቶግራፍ አነሣው፤ ከበስተጀርባው ያሉት ከዋክብት በፎቶግራፉ ላይ ጥርት ብለው ስለወጡም ሰማይን በፎቶግራፍ የመመዝገብ ሥራ ከዚያ ተነሣ። እንግዲህ አንድ ሰማይ፣ አንድ ዓመት፤ በአፍሪካ አንዱ ጫፍ ፎቶግራፍ ተነሣ፣ እዚህ ከተማ ተቆረቆረ። ያዘዙት ግን ንጉሡ ናቸው፤ ድንጋዩን የተሸከሙት ሰዎች ናቸው። እኚህ ንጉሥ ሰባት ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1889) መተማ ላይ ወደቁ። ያን ጊዜ አንድ ተርጓሚ ተነሥቶ «ያ ኮከብ ለዚህ ኖሯል የታየው» ቢል ማን ይከለክለው ነበር? ለደስታም ለሐዘንም እኩል የሚያገለግል ምልክት፣ ምልክትነቱ የምኑ ነው? ይህን ጥያቄ ያዙልኝ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ፤ የምገባውም በራሴ ታሪክ ነው።

ሰኔ 23 ቀን 1965 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከቀትር በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ጦሳ ተራራ ማዘንበል ከጀመረች በኋላ፣ ብርሃኑ ያለ ደመና ደበዘዘ። ሲመሽ እንደሚሆነው ቀይ አልሆነም፤ ነጣ ብሎ፣ ቀዝቀዝ ብሎ፣ የሰው ፊት የታመመ አስመሰለ። አያቴ፣ ነፍሷን ይማረው፣ ቡና እያፈላች ነበር። ጀበናውን ከእሳቱ አወረደችና «ፀሐይ ታማለች» አለች። እኔንና እኅቶቼን በነጠላዋ ሸፍና አጠገቧ አስቀመጠችን። ጎረቤታችን የነበሩት ሼኽ ሰዎች ሰብስበው ለግርዶሽ የሚሰገደውን ሶላት አሰገዱ፤ ከሶላቱም በኋላ አያቴ ዘንድ መጥተው ቡና ጠጡ። ያን ዕለት የተናገሩትን ነገር በኋላ እነግራችኋለሁ፤ ምክንያቱም ለዛሬው ጉዳይ ከፊዚክሱ የማይተናነስ ነገር ነው።

በዚያ ሰሞን ከወልድያ በኩል በሚመጣው መንገድ ሰዎች ይመጡ ነበር። አጥንታቸው የወጣ፣ ልጆቻቸውን ያዘሉ፣ በየመንገዱ የሚወድቁ ሰዎች ነበሩ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዕድሜያችሁ የገፋ ወገኖች ታስታውሳላችሁ፤ ለማታስታውሱትም ወላጆቻችሁ ነግረዋችኋል። በዚያ ክረምት ከትልልቅ ሰዎች አፍ የሰማሁት አንድ ዐረፍተ ነገር ለብዙ ዓመታት በልቤ ኖረ፦ «ያ ግርዶሽ ነው ጠኔውን ያመጣብን።» በሚቀጥለው ዓመት አብዮት ሲፈነዳ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ሲወርዱ፣ ዐረፍተ ነገሩ ረዘመ፦ «ያ ግርዶሽ ነው ጠኔውን ያመጣው፣ ዙፋኑንም የገለበጠው።» እኔም አምኜ ነበር። ለምን አላምን? ግርዶሹን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ረሃቡንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነገሩን በቀናት ማስላት ስጀምር ግን እምነቴ ቆመ። የ1964 ክረምት ዝናብ በሰሜንና በምሥራቅ ወሎ ሳይበቃ ቀረ። የ1965 በልግም ከዳ። ግርዶሹ የታየው በሰኔ መጨረሻ ነው። ወገኖቼ፣ ልብ በሉልኝ፦ ረሃቡ ግርዶሹን ቀድሞታል። ፀሐይ ስትጋረድ ሰው መሞት ከጀመረ ወራት አልፈውት ነበር። ዝናቡ መቅረቱን የሚያውቁ ሹማምንት ነበሩ፤ በሪፖርት የተነገራቸውም ነበሩ፤ ነገሩ ተሸፈነ። በጥቅምት 1966 የረሃቡ ሥዕል በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለም እስኪሰማ ድረስ ተሸፍኖ ቆየ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የወሎ ሰው ያለቀው በዚህ ነው። ታዲያ «ግርዶሹ ነው» ስንል ማንን ነጻ እያወጣን ነበር? ጨረቃን ከስሰን የደበቀውን ለቀቅነው! ለሁለተኛ ጊዜ ልበለው፦ ጨረቃን ከስሰን የደበቀውን ለቀቅነው። ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ከቤቴ ወጥቼ እዚህ የቆምሁት ይህ ነገር ስለሚያንገበግበኝ ነው።

እንግዲህ የሰኔ 23ቱ ግርዶሽ ምን ነበር? ጨረቃ በፀሐይና በምድር መካከል አለፈች፤ ጥላዋ በሞሪታንያ በኩል ወደ አህጉራችን ምድር ዘልቆ በማሊ፣ በኒጀር፣ በቻድ፣ በሱዳን አድርጎ ወደ ሰሜን ኬንያ ተሻገረ። በጥላው መካከል ለነበሩ ሰዎች ጨለማው ከሰባት ደቂቃ በላይ ቆይቷል፤ ሳይንቲስቶችም ኮንኮርድ በሚባለው ፈጣን አውሮፕላን ጥላውን እየተከተሉ ለ74 ደቂቃ ያህል ተመልክተውታል። እኛ ደሴ ላይ ያየነው የጥላውን ዳር ነው።

የጨረቃ መንገድ ከፀሐይ መንገድ በአምስት ዲግሪ ያህል ዘመም ያለ ስለሆነ በየወሩ ግርዶሽ አይሆንም። ሁለቱ መንገዶች በሚገናኙበት አካባቢ ጨረቃና ፀሐይ ሲገጣጠሙ ብቻ ይሆናል። ይህም መገጣጠም ሥርዓት አለው። ከ223 ጨረቃዎች (የጨረቃ ወራት) በኋላ፣ ማለትም ከ18 ዓመት ከ11 ቀን ከ8 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ተመሳሳይ ግርዶሽ ይመለሳል፤ ይህ ዙር ሳሮስ ይባላል፤ ባቢሎናውያንም ያውቁት ነበር። ያቺ ትርፍ የ8 ሰዓት ጊዜ ምድርን አንድ ሦስተኛ ስለምታዞር ተመላሹ ግርዶሽ ሌላ አገር ላይ ያርፋል። ሦስት ጊዜ ሲመለስ ግን ስምንት ሲደመር ስምንት ሲደመር ስምንት ሃያ አራት ይሆንና ወደ ቀድሞው አካባቢ ይቀርባል።

ተማሪዎች፣ ደብተር አውጡ። ሰኔ 23 ቀን 1965 ላይ 18 ዓመት ከ11 ቀን ጨምሩ፤ ሐምሌ 4 ቀን 1983 ይመጣል። በዚያ ቀን በሃዋይና በሜክሲኮ ሙሉ ግርዶሽ ሆኗል። ድገሙት፤ ሐምሌ 15 ቀን 2001። በዚያ ቀን በሕንድና በቻይና ሆኗል። አንድ ጊዜ ድገሙት፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ይመጣል። ይህ አያቴ በነጠላዋ የሸፈነችን የዚያ ግርዶሽ ሐረግ ነው፤ ከ54 ዓመት ከ33 ቀን በኋላ ወደኛ ይመለሳል።

አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁ። እኔ ራሴ ለጥቂት ደቂቃ ኮከብ ቆጣሪ ልሁን፤ ልብ ብላችሁ ተከታተሉኝ። «የ1965 ግርዶሽ የንጉሡን መንግሥት ጣለ። የዚያው ሐረግ ግርዶሽ በ1983 ተመለሰ፤ በ1983 ደርግ ወደቀ። ስለዚህ ይህ ሐረግ መንግሥት ጣይ ሐረግ ነው፤ በ2019 ደግሞ ይመለሳል።» አያስፈራም? ያስፈራል! ይህን በሙዚቃ አጅቤ በቲክቶክ ብለቅቀው ስንት ሰው እንቅልፍ ያጣ ይሆን? ነገር ግን ቀኖቹን እንመርምር። ደርግ የወደቀው ግንቦት 20 ነው፤ ግርዶሹ ሐምሌ 4 ነው። እንደገና ምልክቱ ከነገሩ በኋላ መጣ፤ ለዚያውም ከኢትዮጵያ አልታየም። ንጉሡ የወረዱት ከግርዶሹ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። በ2001 ሐምሌስ? በአዲስ አበባ የወደቀ መንግሥት አልነበረም። በመጋቢት 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ሲለወጥስ? ይህ ሐረግ በዚያ የለም። ከአራቱ ሁለቱን መርጬ፣ ሁለቱንም ቀናቸውን አደብዝዤ፣ ቀሪውን ደብቄ ነው ያስፈራኋችሁ። በአንድ ዘመን ደግሞ አርባ ያህል የፀሐይ ግርዶሽ ሐረጎች ጎን ለጎን ይጓዛሉ። ከአርባ ሐረግ መካከል ለአንድ አገር ታሪክ የሚመጥን አንድ ሐረግ ማግኘት ምን ያስቸግራል?

በዓመት ውስጥ የፀሐይና የጨረቃ ግርዶሾች ሲደመሩ ከአራት አያንሱም፤ እስከ ሰባት ይደርሳሉ። ጥንታዊው የእስክንድርያ የከዋክብት ሊቅ በጥሊሞስ የፀሐይ ግርዶሽ በቆየበት ሰዓት ልክ ውጤቱ ለዓመታት፣ የጨረቃው ደግሞ ለወራት ይዘልቃል ብሎ ጽፏል። እስቲ አስቡት፤ በዓመት አራትና ከዚያ በላይ ግርዶሽ፣ እያንዳንዱ ለወራት ወይም ለዓመታት የሚዘልቅ ውጤት ካለው፣ ከግርዶሽ ውጤት ነጻ የሆነ አንድ ቀን እንኳ በመቶ ዓመት ውስጥ ይገኛልን? የትኛውም ሹመት፣ የትኛውም ሞት፣ የትኛውም ጦርነት በአንዱ ግርዶሽ ጥላ ሥር መውደቁ አይቀርም። እንዲህ ያለ መረብ ዓሣ ያዝሁ ቢል ምን ይደንቃል? በጥሊሞስ እንኳ ግርዶሹ ምልክት የሚሆነው ለታየበት አገር ነው ይል ነበር፤ የዛሬዎቹ ይህንንም ገደብ ጥለውታል።

እዚህ ላይ የሚያመንን ቦታ መንካቴ ነው፤ ይቅር በሉኝ። በጥቅምት 2014 ከተማችንና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ምን እንደደረሰባቸው ለእናንተ አልነግርም። ኅዳር 10 ቀን 2014 የጨረቃ ግርዶሽ ነበር፤ ከፊል ግርዶሽ ሆኖ ለሦስት ሰዓት ከ28 ደቂቃ ቆየ፤ በመቶ ዓመታት ውስጥ እንዲህ የረዘመ ከፊል ግርዶሽ አልነበረም። ኅዳር 25 ደግሞ ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ሆነ፤ በሁለተኛው ቀን፣ ኅዳር 27፣ ከተማችን ነጻ ወጣች። አንድ ዘመዴ ይህን አስልቶ «አየህ፣ በጨረቃው ታሰርን፣ በፀሐዩ ተፈታን» አለኝ። እንባ አቅርሮ ነበር የነገረኝ፤ ስለዚህ ወዲያው አልመለስሁለትም። በኋላ ግን ነገርሁት። የኅዳር 10ሩ ግርዶሽ ሲሆን በደሴ የቀኑ ስድስት ሰዓት ነበር፤ ጨረቃ ከእግራችን በታች፣ ከምድር ማዶ ነበረች። የኅዳር 25ቱ ጥላ ያረፈው በአንታርክቲካ በረዶ ላይ ነው። ከተማችንን የያዘና ያስለቀቀ ሰው ነው። የሞቱት ሰዎች ስም አላቸው፤ የወሰኑት ሰዎች ስም አላቸው፤ የተዘረፈው ሆስፒታልና ፋብሪካ ቦታው ይታወቃል። ይህን ሁሉ ከአንታርክቲካ ለመጣ ጥላ ብንሰጠው፣ ነገ ለሚጽፉት ልጆቻችን ምን ምስክርነት እናወርሳለን?

የቅርቡን ደግሞ አስታውሱ። ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ምሽት፣ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ አራት ሰዓት ጥቂት እስኪቀረው፣ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ተጋርዳ ቀላች። ጳጉሜ 4 ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። በዚያ ሳምንት ሁለት ሰዎች ደወሉልኝ። አንደኛው «ደም የመሰለች ጨረቃ ለግድቡ መጥፎ ናት» አለኝ፤ ሁለተኛው «ጠላቶቻችን እንደሚያፍሩ ጨረቃ መሰከረች» አለኝ። ቅላቱ የመጣው ከየት ነው? የምድር አየር የፀሐይን ብርሃን አጥፎ ወደ ጥላው ሲያስገባ ሰማያዊው ተበትኖ ቀዩ ይቀራል። በዚያ ሰዓት ጨረቃ ላይ ያረፈው ቀለም፣ በምድር ዙሪያ ፀሐይ የምትወጣባቸውና የምትጠልቅባቸው ቦታዎች ሁሉ ብርሃን ነው። የአንዱ ሩቅ አገር ጀምበር፣ የሌላውም አገር ንጋት በዚያ ውስጥ ነበረበት።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ በአጭሩ።

አስትሮይዶች አብዛኞቹ በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን የሚዞሩ የድንጋይና የብረት አካላት ናቸው። የመጀመሪያዋን፣ ሴሬስን፣ ጁሴፔ ፒያዚ በሲሲሊ በፓሌርሞ ያገኛት እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1801 ነው። ዛሬ የሚታወቁት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ ስም የተሰጣቸው ብቻ ከሃያ ሺህ ይበልጣሉ። አዲሶቹ ኮከብ ቆጣሪዎች የሚሠሩት እንዲህ ነው፦ የአንድ ፖለቲከኛን ስም ወይም የአንድ አገርን ስም የሚመስል አስትሮይድ ይፈልጋሉ፤ ግርዶሹ በሆነበት ዲግሪ አጠገብ ሲያገኙት «ይኸው!» ይላሉ። ሰማይ ክብ ነው፤ 360 ዲግሪ ነው። ሃያ ሺሁን ለ360 አካፍሉት፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ በአማካይ ሃምሳ አምስት ባለ ስም አስትሮይዶች ይደርሳሉ። ከሃምሳ አምስት ስም መካከል ለዛሬው ዜና የሚስማማ አንድ ስም ማጣት ነው የሚከብደው።

በስማችን የተሰየመ አስትሮይድ አለ፤ ብዙዎቻችሁ የምትሰሙት ዛሬ ይመስለኛል። 1432 ኢትዮጵያ ይባላል። ሲሪል ጃክሰን የተባለ ተመልካች በጆሃንስበርግ ያገኘው በ1929 ዓ.ም. ነው። 1929 ምን ዓመት እንደነበረ ታውቃላችሁ፤ የካቲት 12ን የያዘ ዓመት ነው። አገራችን በፋሺስት እጅ በነበረችበት ዓመት በስሟ የሚጠራው ድንጋይ ተገኘ። ይህን ሳነብ ልቤ ተነክቷል፤ አልሸሽግም። ነገር ግን ያ ድንጋይ ለነጻነታችን አንድ ጥይት አልተኮሰም፤ የተኮሱት አርበኞች ናቸው። የስሙን ክብር ሰጪው ሰው ነው፤ ድንጋዩ መንገዱን ብቻ ይዞራል።

ስለ አንድ አስትሮይድ ግን ቀኑን ጻፉ። አፖፊስ ይባላል፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ተገኘ፤ ስፋቱ ከሦስት መቶ ሜትር በላይ ነው። ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ ከምድር ገጽ በ32,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያልፋል፤ የቴሌቪዥን ሳተላይቶቻችን ከሚገኙበት ከፍታ በታች ማለት ነው። ያለ መነጽር በዓይን ይታያል፤ አፍሪካም ከሚታይባቸው አንዷ ናት። ምድርን አይመታም፤ ቢያንስ ለሚቀጥሉት መቶ ዓመታት እንደማይመታ በራዳር ተለክቶ ተረጋግጧል። ያን ሰሞን የሚለቀቀውን ትንታኔ ከወዲሁ አስቡት። እናንተ ግን ቀኑንና ርቀቱን ከወዲሁ ታውቃላችሁ።

ያ ዓርብ ከፋሲካ በኋላ አምስተኛው ቀን ነው። እንዴት አወቅሁ? ይህ ወደ ሦስተኛው ነጥቤ ያስገባኛል፤ በእናቴ በኩል ያለ አጎቴ፣ መሪጌታ የነበሩ ሰው፣ በልጅነቴ ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ቆጠራ፣ አስተምረውኛል። የ2021 ዓመተ ዓለም 7521 ነው፤ ወንበር፣ ዐበቅቴ፣ መጥቅዕ፣ ተውሳክ፣ መባጃ ሐመር የምላቸው የስሌቱ ደረጃዎች ስሞች ናቸው። በ19 ሲገደፍ 16 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመን ሲተው ወንበሩ 15 ይሆናል። 15 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ዐበቅቴው 15፤ 15 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 15፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30፤ ስሕተት የለበትም። በዓለ መጥቅዕ መስከረም 15 ሰኞ ይውላል፤ የሰኞ ተውሳክ 6 ነው፤ መባጃ ሐመሩ 21 ይሆናል። ጾመ ነነዌ ጥር 21፣ ትንሣኤ መጋቢት 30። ይህ ሁሉ የጨረቃ ቁጥር ነው። ባሕረ ሐሳብ በ19 ዓመት ውስጥ 235 ጨረቃዎችን ይቆጥራል፤ ሳሮስ 223ን ይቆጥራል። ሁለቱም ጨረቃን ቆጥረው ቀኑን አስቀድመው ይናገራሉ፤ ከሳቱም ይታወቅባቸዋል።

አጎቴ ዘንድ ሰዎች ይመጡ ነበር። ስማቸውንና የእናታቸውን ስም ፊደል ቆጥረው፣ በ12 ገድፈው፣ ኮከባቸውን እንዲነግሯቸው ይለምኗቸው ነበር። አንድ ቀን አንድ ባላገር ሙክት ይዞ መጥቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተካሰው ኖሮ፣ የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ ጠየቃቸው። አጎቴ «ባሕረ ሐሳብ ፋሲካን እንጂ ዳኛን አይቆጥርም፤ ሙክቱን መልሰህ ለጎረቤትህ እረድለት፤ ድንበሩም ያን ጊዜ ይታያል» አሉት። ያ ሰው ቅር ብሎት ሄደ። እኔ ግን ቆጠራ የት ላይ መቆም እንዳለበት ከዚያ ቀን ተማርሁ።

አሁን ጎረቤታችን ሼኽ በሰኔ 23 የተናገሩትን ልመልስላችሁ። አያቴ «ለማን ይሆን የታመመችው?» ስትላቸው እንዲህ አሏት፦ የነቢዩ ሙሐመድ ልጅ ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ተጋርዳ ነበር፤ ሰዎችም «ለኢብራሂም ሞት ነው የተጋረደችው» አሉ። ነቢዩ ግን ፀሐይና ጨረቃ ከአላህ ምልክቶች ሁለቱ እንደሆኑ፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ብለው እንደማይጋረዱ፣ ግርዶሽ ሲያዩም እንዲሰግዱ ተናገሩ። ልጃቸው በሞተበት ዕለት! ሐዘናቸውን የሚያገንን ወሬ በሰው ሁሉ አፍ ሲገባ፣ እሳቸው እውነቱን መረጡ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ያን ግርዶሽ እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 632 ከሆነው ጋር ያገናኙታል። ሼኹ ይህን ከተናገሩ ሳምንታት ባልሞላ ጊዜ፣ እዚያው ሰፈር፣ «ግርዶሹ ነው ጠኔውን ያመጣው» ሲባል ሰማሁ። ሲያስተምሩን ሰምተን ነበር፤ አልያዝነውም።

ትርጓሜው ምን ይጎዳል የሚለኝ ሰው አለ። «ይበሉ፣ ምን አገባህ?» ይለኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ413 የአቴና ሠራዊት በሲራኩስ ተሸንፎ በመርከብ ሊወጣ ተሰናድቶ ሳለ ጨረቃ ተጋረደች። ጠንቋዮቹ ሦስት ጊዜ ዘጠኝ ቀን ቆዩ አሉ፤ አዛዡ ኒቅያስም ከዚያ በፊት ስለ መውጣት አልወያይም አለ። ጠላት ወደቡን ዘጋ። ሠራዊቱ አለቀ፤ የተማረኩት በድንጋይ መፍለጫ ጉድጓድ ውስጥ ሞቱ፤ ኒቅያስ ተገደለ። ጨረቃዋ ማንንም አልገደለችም፤ የገደለው መቆየቱ ነው። የእኛም ነገር እንዲሁ ነው፦ ዝናብ ሲቀር እህል ማጓጓዝ ሲገባ ሰማይ ማንጋጠጥ፤ ግጭት ሲሸት ሽማግሌ መላክ ሲገባ ቪዲዮ መቀባበል። ከሐምሌ 26 ስምንት ቀን በኋላ በኬንያ ጠቅላላ ምርጫ ይደረጋል፤ ነሐሴ 4 ቀን 2019። ቀኑን የወሰነው ሕገ መንግሥታቸው ነው፤ በየአምስት ዓመቱ የነሐሴ ወር፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ ሁለተኛው ማክሰኞ ይላል። የምትሰሙትን ትንታኔ ከወዲሁ ልትገምቱት ትችላላችሁ።

ስለዚህ ልመና አለኝ። ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ ሰኞ፣ ሙሉው ጥላ በስፔንና በሞሮኮ በኩል ገብቶ፣ በግብፅ ሉክሶርን፣ በሳዑዲ ጅዳንና መካን አቋርጦ፣ በየመን አድርጎ ሶማሊያ ይደርሳል። ደሴ ላይ ከቀትር በኋላ ከፀሐይ ሰፊ ክፍል ተጋርዶ ይታያል። ክረምት ነውና ደመና ሊኖር ይችላል፤ ቢሆንም እንውጣ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ጠዋት፣ ቀለበታዊው ግርዶሽ በላሊበላ ላይ ሲያልፍ፣ እኛ ግቢ ያለው ዛፍ በቅጠሎቹ መካከል ያለውን ብርሃን መሬት ላይ በመቶ ማጭዶች ቅርጽ ሲያፈሰው ያየ የልጅ ልጄ እስከ ዛሬ ያወራል። በባዶ ዓይን ፀሐይን አትዩ፤ የራጅ ፊልም፣ በጥላሸት የጠቆረ መስታወት፣ የፀሐይ መነጽር አያድንም፤ ዓይን ውስጡ ሲቃጠል ሕመም አይሰማውምና ጉዳቱን የምታውቁት ካለፈ በኋላ ነው። ካርቶን በመርፌ በስታችሁ ምስሉን መሬት ላይ እዩት።

ሁለተኛው ልመናዬ ይህ ነው። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሰፊ መዝገብ አስቀምጫለሁ። ከእናንተ መካከል፣ ወይም ከምትከታተሏቸው ተንታኞች መካከል፣ ያ ግርዶሽ የሚያመጣውን የፖለቲካ ነገር አውቃለሁ የሚል ካለ፣ ማን፣ ምን፣ የት፣ በየትኛው ቀን የሚለውን አሁኑኑ ይጻፍልን፤ ከፈረመበት በኋላ እናሽገዋለን፤ ጳጉሜ 2019 ላይ እዚሁ ተሰብስበን እንከፍተዋለን። የተገኘው ትክክል ከሆነ በዚሁ መድረክ ላይ ቆሜ እመሰክርለታለሁ። የመጀመሪያውን መስመር እኔ ጽፌበታለሁ፦ «ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ ሰኞ፣ ከቀትር በኋላ፣ ደሴ፤ ፀሐይ በከፊል ትጋረዳለች።» እስክሪብቶው በክር ታስሯል፤ ስትወጡ አንድ በአንድ ብትቆሙ ለሁላችሁም ይበቃል።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ።